በማን ነው የሳቅነው? ስለ ሐሰተኛ ወሬ የሚሠራ ትያትርና የተመልካቹ ሳቅ

የምናገርበት ጉዳይ የእኛው፣ የመካነ ሰላምና የአካባቢዋ የወሎ ሰዎች ነው፤ መነሻው ግን ከሩቅ ነው። እ.ኤ.አ. በ2024 መጀመሪያ ላይ ኒው ዮርክ ውስጥ ቪንያርድ በሚባል ትያትር ቤት አንድ አስቂኝ ተውኔት ታየ። ብሮድዌይ የሚባሉት ትልልቆቹ አዳራሾች አሉ፤ ከእነሱ ዝቅ ብሎ ደግሞ ከአምስት መቶ ያነሰ ወንበር ያላቸው፣ ደፈር ያለ ሥራ የሚሞከርባቸው ትንንሽ ትያትር ቤቶች አሉ፤ ቪንያርድ ከእነዚህ አንዱ ነው። የተውኔቱ ስም «ራሽያን ትሮል ፋርም» ነው፤ ደራሲዋ ሣራ ጋንቸር ትባላለች። ታሪኩ የሚካሄደው በሴንት ፒተርስበርግ ከተማ፣ የኢንተርኔት ምርምር ኤጀንሲ ይባል በነበረ እውነተኛ መሥሪያ ቤት ውስጥ ነው። የዚያ ቤት ሠራተኞች እ.ኤ.አ. በ2016ቱ የአሜሪካ ምርጫ ሰሞን አሜሪካዊ መስለው በማኅበራዊ ሚዲያ ውሸት ሲያሰራጩ ከርመዋል፤ የአሜሪካ ዐቃቤ ሕግ እ.ኤ.አ. በ2018 አሥራ ሦስት ሩሲያውያንንና ሦስት ድርጅቶችን በዚሁ ከስሷል። ደራሲዋ ሠራተኞቹ በእርግጥ የጻፏቸውን መልእክቶች በተውኔቱ ውስጥ አስገብታለች። የሚያስቀው ታዲያ ውሸቱ አይደለም፤ ቢሮው ነው። አለቃ አለ፣ የሥራ ኮታ አለ፣ ምቀኝነት አለ፣ በሥራ ሰዓት የሚጀመር ፍቅር አለ። ተመልካቹ የገዛ መሥሪያ ቤቱን መድረክ ላይ ያይና ይስቃል፤ ስቆ ስቆ ውሸታሞቹን ይወዳቸዋል። ሲወዳቸው ደግሞ የሳቀው በማን እንደሆነ ይጠፋዋል።

የዛሬው ክርክሬ በዚች ጥያቄ ላይ የቆመ ነው። ስለ ሐሰተኛ መረጃ የሚሠራ ስላቅ ሕዝብን ያነቃል ይባላል፤ ማስረጃው ምንድን ነው ሲባልም «አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ» ይባላል። እኔ የምለው ሳቅ ለብቻው ማስረጃ አይሆንም ነው። ተመልካቹ በውሸት ፈጣሪው ብቻ ስቆ ከወጣ ተዝናንቷል እንጂ አልተማረም፤ የሚማረው ወሬውን ተቀብሎ በሚያሳልፈው ሰው፣ ማለትም በራሱ ሲስቅ ነው። ይህ ደግሞ ከኒው ዮርክ ይልቅ ለእኛ አገር የበለጠ እውነት ነው፤ ምክንያቱን እየቆየሁ አስረዳለሁ።

ሴንት ፒተርስበርግን ካነሣን አይቀር፣ ያች ከተማ ለዚህ ጉዳይ ሁለት ጊዜ ታገለግለናለች። እ.ኤ.አ. በ1836 የኒኮላይ ጎጎል «የመንግሥት ተቆጣጣሪ» የተባለው ኮሜዲ በከተማዋ አሌክሳንድሪንስኪ ትያትር ታየ። ነገሩ በአጭሩ እንዲህ ነው፦ ወደ አንዲት የገጠር ከተማ ከመንግሥት የተላከ ተቆጣጣሪ ማንነቱን ደብቆ ይመጣል የሚል ወሬ ይደርሳል። ሹማምንቱ ይርበተበታሉ፤ ሁለት ወሬኛ ሰዎች ሆቴል ውስጥ ያዩትን ገንዘብ ያለቀበት መንገደኛ «እሱ ነው» ብለው ያበሥራሉ። ልብ በሉ፣ ጎረምሳው መጀመሪያ ምንም አልዋሸም። የዋሹለት እነሱ ናቸው፤ ሹመቱንም ክብሩንም ጉቦውንም እነሱ ሰጡት፤ እሱ የተሰጠውን ልብስ ለበሰ እንጂ። ንጉሡ ቀዳማዊ ኒኮላይ በመጀመሪያው ምሽት ተገኝቶ ሲስቅ አመሸ። ጎጎል ግን አልተደሰተም፤ ሥራው እንደ ተራ ቧልት መታየቱ አንገብግቦት በዚያው ዓመት አገሩን ጥሎ ሄደ። ከዚያ ወዲህ ከሰባ ዓመት በላይ ካለፈ በኋላ፣ በዚችው ከተማ ወታደራዊ ትምህርት የተማረ አንድ ኢትዮጵያዊ፣ ፊታውራሪ ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም፣ በአማርኛ የመጀመሪያ የሚባለውን ተውኔት ጻፈ። «ፋቡላ፦ የአውሬዎች ኮሜዲያ» ይባላል፤ በላ ፎንቴን የእንስሳት ተረቶች ላይ ተመሥርቶ የመኳንንቱን ብልሹነት በአውሬ አፍ የሚሸነቁጥ ነው። በንግሥት ዘውዲቱ ዘመን በሆቴል አዳራሽ ታየ። መኳንንቱ አንበሳውና ቀበሮው ማን ማን እንደሆኑ ለማወቅ ብዙ አልፈጀባቸውም፤ ተውኔቱ ታገደ፣ መጽሐፉም ከሰው እጅ ተሰበሰበ። ብዙ ጊዜ ይህ ታሪክ የሚነገረው የእኛን መኳንንት ኋላ ቀርነት ለማሳየት ነው። የእኔ ፍርድ ተቃራኒው ነው። ማገዳቸው በደል ነበር፤ ትያትርን በመረዳት ረገድ ግን ከሩሲያው ንጉሥ ይበልጡ ነበር። ንጉሡ ሳቀ፣ ስቆም ወደ ቤተ መንግሥቱ ተመለሰ። የእኛዎቹ ያልሳቁት ጦሩ በማን ላይ እንደተወረወረ ስለገባቸው ነው።

ይህ ከታሪክ የመጣ ግምት ብቻ ነው እንዳይባል፣ የተመልካችን ሳቅ በጥናት የመዘኑ ሰዎች ያገኙትን ልጨምር። እ.ኤ.አ. ከ1971 ጀምሮ አሜሪካ ውስጥ «ኦል ኢን ዘ ፋሚሊ» የሚባል የቴሌቪዥን ኮሜዲ ይታይ ነበር። ዋናው ገጸ ባሕርይ አርቺ በንከር ጥቁሩንም አይሁዱንም ሴቱንም በንቀት የሚናገር አባወራ ነው፤ ደራሲዎቹ የፈለጉት ሰው በጠባብነቱ እንዲስቅበት ነው። በ1974 ቪድማርና ሮኪች የተባሉ ሁለት ተመራማሪዎች አሜሪካና ካናዳ ውስጥ ተመልካቾችን ጠየቁ። ያገኙት ውጤት የዝግጅቱን ወዳጆች አላስደሰተም፦ ጠባብ አመለካከት ያላቸው ሰዎች አርቺን አልጠሉትም፤ እንዲያውም ወደዱት፣ «እውነቱን የሚናገር ሰው» አድርገው ወሰዱት። ሁሉም ሳቀ፤ ግማሹ በአርቺ፣ ግማሹ ከአርቺ ጋር። ሠላሳ አምስት ዓመት ቆይቶ በ2009 ደግሞ ላማርና ባልደረቦቿ 332 ሰዎችን ስለ ኮሜዲያኑ ስቲቨን ኮልቤር ጠየቁ። ኮልቤር ያኔ ወግ አጥባቂ ጋዜጠኛ መስሎ በወግ አጥባቂዎች ላይ ያሾፍ ነበር። ሊበራሎቹም ወግ አጥባቂዎቹም እኩል አስቂኝ ነው አሉ። ልዩነቱ የመጣው ምን ማለቱ ነው ሲባል ነው፤ ወግ አጥባቂዎቹ «የሚቀልድ ይመስላል እንጂ የሚናገረውን ከልቡ ያምንበታል» ወደሚለው አዘነበሉ። የሳቁን ድምፅ ብቻ ብትቀዱ ሁለቱን መለየት አትችሉም። ስለዚህ አንድ የትያትር አዘጋጅ «ሕዝቡ ሳቀ» ሲለኝ፣ እሺ፣ ግን የትኛው ሳቅ ነው ብዬ መጠየቄ ክፋት አይደለም።

በራሳችን መድረክ ለዚህ የቀረበው ሥራ በረከት በላይነህ የጻፈውና ግሩም ዘነበ ብቻውን የሚጫወተው «እያዩ ፈንገስ» ነው። «ፌስታሌን» በሚል ርዕስ የጀመረው ይህ ሥራ አገር ውስጥ ብቻ ሳይሆን በውጭ አገር ባሉ ኢትዮጵያውያን ዘንድም ዞሯል። ገጸ ባሕርዩ እያዩ፣ ሰዎች እብድ ነው የሚሉት፣ ጎዳና ላይ ያለ ሰው ነው፤ ፌስታሉን ይዞ ከተመልካቹ ጋር ፊት ለፊት ያወራል። እብድ ስለሆነ ይፈቀድለታል፤ ስለተፈቀደለትም ጤነኛው የማይናገረውን ይናገራል። ከዚህ ሥራ የምማረው አንድ ጥበብ አለ፤ እያዩ ሌላ ሰው ላይ እንድንስቅ ብዙ ጊዜ አይተወንም፤ ንግግሩ ዞሮ ወንበር ላይ ወደተቀመጠው ሰው ይመጣል። አንድ አደጋም አይቼበታለሁ፤ አደጋው ግን የተውኔቱ ሳይሆን የዘመኑ ነው። እንዲህ ያለ ሥራ ከመድረክ ወርዶ በስልክ ሲገባ ተቆራርጦ ነው የሚገባው። ሁለት ሰዓት የሚፈጅ ክርክር ወደ አርባ ሰከንድ ቲክቶክ ይወርዳል፤ ለአንዱ ወገን የሚመቸው ሽሙጥ ለብቻው ይቆረጣል፤ ራስን የሚነካው ግን እዚያው አዳራሽ ይቀራል። በዚህ ዓይነት ስላቁ ራሱ ሌላውን ወገን መዝለፊያ ይሆናል። አዳራሽ ውስጥ የተቀመጠ ሰው ከጎኑ ያለው ሲስቅ ወይም ዝም ሲል ይሰማል፤ በስልክ የሚያይ ሰው ግን ከጎኑ የሚያፍርበት ጎረቤት የለውም።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ ልግባ። ለምን ነው አቀባዩ ከፈጣሪው ይበልጣል የምለው? በ2011 ዓ.ም. ጥቅምት ላይ፣ ከዓባይ ማዶ ምዕራብ ጎጃም ውስጥ አዲስ ዓለም በምትባል ከተማ፣ ለጤና ጥናት የሄዱ ሁለት ተመራማሪዎች በሕዝብ ተደብድበው ሞቱ። ምክንያቱ ሕፃናትን መርዝ ሊወጉ ነው የመጡት የሚል ወሬ ነበር። ለዚህ ወሬ የቢሮ ኮታ የተሰጠው ሠራተኛ አላስፈለገም። ያስፈለገው የደነገጠ ወላጅና የደነገጠውን ሰምቶ የሚሮጥ ጎረቤት ነው። ሁሉም ልጁን ሊያድን ነው የሮጠው፤ ዘግናኝ የሚያደርገውም ይህ ነው። ወይም ቀላሉን እንውሰድ፤ መጋቢት 4 ቀን 2012 ዓ.ም. የመጀመሪያው የኮቪድ በሽተኛ ተገኘ ከተባለ በኋላ ነጭ ሽንኩርትና ሎሚ ዋጋቸው እንዴት እንደተሰቀለ የማያስታውስ የለም። ነጭ ሽንኩርት ይፈውሳል ያለው ሰው ማን ነው? ስም የለውም። ያሳለፈው ግን ሁላችንም ነን፤ እናት ለልጇ፣ ልጅ ለአያቱ፣ በቅንነት። ፍራንሲስ ሆገን የምትባለው የቀድሞ የፌስቡክ ሠራተኛ እ.ኤ.አ. በጥቅምት 2021 ለአሜሪካ ሴኔት ስትመሰክር የኢትዮጵያን ስም ጠርታለች፤ ብዙ ሰው የነካካውን መልእክት ወደ ላይ የሚያወጣው አሠራር የብሔር ጥቃትን እያራገበ ነው ብላለች። ቃሏን እቀበላለሁ። ነገር ግን ማሽኑ ወደ ላይ የሚያወጣው እኛ የነካነውን ነው። «ሲሉ ሰምታ ዶሮ ታንቃ ሞተች» የሚለው ተረት ፌስቡክ ከመፈጠሩ ብዙ ዘመን በፊት የተተረተ ነው፤ ዶሮዋን ያነቃት ማን እንደሆነ ደግሞ ተረቱ ራሱ ይነግረናል።

ይህ አካባቢ ጉዳዩን አጥርቶ ለማየት ይመቻል። ከደሴ አቀስታን አልፎ መካነ ሰላም የሚደርሰው መንገድ ረጅም ነው፤ ከዚህ ወደ ምዕራብ ቁልቁል የዓባይ በረሃ አለ፣ ከማዶው ጎጃም። ለዘመናት ወሬ እዚህ የገባው በሰው እግር ነው፤ ከገበያ በተመለሰ፣ ከሰንበቴ በመጣ፣ ከሐድራ በወጣ፣ አሁንም ከአይሱዙ በወረደ ሰው። ስልክ ሲመጣ ይህን መንገድ አልተካውም፤ ላዩ ላይ ተደረበ። አንድ ጎረምሳ በቴሌግራም ያየውን ስልክ ለሌላቸው ያነብላቸዋል፤ እነሱ ደግሞ ቆላ ወርደው ይናገራሉ። ምንጩ ስልክ ነው፣ ቆላ ሲደርስ ግን «የእገሌ ልጅ ነገረኝ» ሆኗል፤ የእገሌ ልጅ ደግሞ ጨዋ ስለሆነ ይታመናል። ይህን የሚያረጋግጥ ፈተና ሳንወድ ተፈትነናል። ሐምሌ 28 ቀን 2015 ዓ.ም. የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ሲታወጅ በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ተቋረጠ፤ ለወራትም ተቋርጦ ቆየ። የሐሰት ወሬ መነሻው ኢንተርኔት ብቻ ቢሆን ኖሮ እነዚያ ወራት የእውነት ወራት በሆኑ ነበር። እዚህ የተቀመጣችሁ ሁሉ እንዳልነበሩ ታውቃላችሁ። የጠፋው ወሬው አልነበረም፤ ወሬውን ማጣሪያው ነበር፤ ደውሎ «እውነት ነው እንዴ?» ማለት እንኳ የማይቻልበት ጊዜ ነበር።

ወሎ ደግሞ ለወሬ ባዕድ አይደለም፤ ለቃል ክብር የሚሰጥ አገር ነው። ሼህ ሁሴን ጅብሪልን የማያውቅ የለም። እሳቸው ተናገሩ የሚባለው ትንቢት ለረጅም ዘመን በቃል ሲተላለፍ ኖሮ ነው በኋላ ወደ ጽሑፍ የመጣው፤ ሙስሊሙም ክርስቲያኑም ይጠቅሰዋል። እሳቸውን መዳፈር አልፈልግም፤ የምናገረው እሳቸውን ስለምንጠቅሰው ስለ እኛ ነው። አገር በተናወጠ ቁጥር ከዚህ በፊት ማንም ያልሰማው ስንኝ ብቅ ይልና «ሼኹ ብለውት ነበር» ይባላል። ማን ገጠመው ብሎ የሚጠይቅ የለም፤ መጠየቁ ነውር ይመስላል። የታላቅ ሰው ስም ለወሬ ማኅተም ሲሆን ምን እንደሚፈጠር ከዚህ የተሻለ ምሳሌ አላውቅም፤ ዛሬ «ቢቢሲ ዘግቧል» እየተባለ የሚዞረው የሐሰት ምስልም ያንኑ ብልሃት ነው የሚሠራው። በሌላ በኩል በምሥራቅ ጎረቤቶቻችን አፋሮች ዘንድ ዳጉ አለ። ሁለት መንገደኞች ሲገናኙ ቁጭ ብለው ወሬ ይለዋወጣሉ፤ ግን ሰሚው ዝም ብሎ አይሰማም፤ በዓይንህ አየህ ወይስ ሰማህ፣ ከማን፣ መቼ፣ የት እያለ ይጠይቃል፤ በዳጉ የዋሸም ይነወራል። የእኛም አባቶች «ወሬ ቢነግሩህ መላ ጨምር» ያሉት ከዚህ የራቀ አይመስለኝም። ልዩነቱ እዚያ ወግ ሆኖ በየቀኑ ይሠራል፣ እዚህ ተረት ሆኖ አፍ ላይ ቀርቷል።

ታዲያ ለዚህ አካባቢ የሚስማማ ስላቅ ምን ይመስላል? ፒተርስበርግን መቅዳት አያስፈልግም፤ መድረኩ ላይ አንድ ረከቦት ይበቃል። እንዲህ አስቡት። ሦስት ሴቶችና አንድ ሽማግሌ ቡና ላይ ተቀምጠዋል። አቦሉ ሲቀዳ አንዷ «እትዬ፣ ሸማቾች ፊት ለፊት አይሱዙ ቆሞ አየሁ» ትላለች። ይኸው ነው፤ እውነት ነው፤ አይሱዙ ቆሟል። ቶናው ሲደርስ አይሱዙው ስኳር ጭኗል፤ ማን እንደተናገረ ባይታወቅም ስኳር መሆኑ ተረጋግጧል፤ አንዷ እንዲያውም ልጇን ፌስታል አስይዛ ልካለች። ሽማግሌው ስኳሩ ስንት ኩንታል እንደሆነ ያውቃሉ። እዚህ ድረስ ተመልካቹ ይስቃል፤ የገዛ ጎረቤቱን እያየ ነውና። በረካው ሲቀዳ ግን ነገሩ ይዞራል፤ ስኳሩ «ለእነ እገሌ ብቻ» ነው የሚታደለው። እነ እገሌ ማን እንደሆኑ አይነገርም፤ እያንዳንዱ ተመልካች ግን በልቡ ስም ያወጣላቸዋል። እኔን ብትጠይቁኝ የተውኔቱ ዋጋ ያለው በዚች ቅጽበት ነው። አዳራሹ እዚህ ላይ ከሳቀ ተውኔቱ ወድቋል፤ ሳቁ ጉሮሮ ላይ ከቀረ ሠርቷል። ከዚያ በኋላ ፌስታል ይዞ የሄደው ልጅ ይመለስ፤ አይሱዙው ስሚንቶ ነበር የጫነው። አቦል ላይ ያለው ወሬ እውነት መሆኑን ልብ በሉ፤ በክፋት የዋሸ አንድም ሰው የለም፤ ተንኮለኛ ፈልጎ የሚያጣ ተመልካች ወደ ራሱ ከመመልከት ሌላ አማራጭ የለውም። ጎጎል ያደረገውም ይህንኑ ነው፤ ንጉሡ ግን ተንኮለኛ አገኘሁ ብሎ በሹማምንቱ ሳቀ።

በዚህ ላይ የሚነሡ ተቃውሞዎች አሉ፤ ከባዱን አስቀድማለሁ። ሰው በሞተበት ነገር መሳቅ ነውር ነው የሚል ነው። በ2014 ዓ.ም. ጥቅምት መጨረሻ ላይ አንድ የባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ የኬሚስትሪ ፕሮፌሰር ፎቶግራፋቸውና ስማቸው ከውንጀላ ጋር በፌስቡክ ከተሰራጨ በኋላ በቤታቸው ደጃፍ ተገድለዋል፤ ቤተሰባቸው የፌስቡክን ባለቤት ኩባንያ ናይሮቢ በሚገኝ ፍርድ ቤት ከስሷል። እንዲህ ያለ ሐዘን ፊት ኮሜዲ ምን አፍ አለው? የእኔ መልስ ይህ ነው፦ በሟቹ ታሪክ ኮሜዲ አይሠራም፤ መሠራትም የለበትም። ኮሜዲ የሚሠራው ገና በስኳሩ ደረጃ ላይ ባለው ወሬ ነው፤ ሰው ሳይሞት በፊት። የሐዘኑ ቦታ ፍርድ ቤትና ልቅሶ ቤት ነው። ሁለቱ የሚገናኙት በአንድ ነገር ብቻ ነው፤ የፕሮፌሰሩን ፎቶ ሼር ያደረገው እጅና የስኳሩን ወሬ ያሳለፈው አፍ ተመሳሳይ ልማድ አላቸው። ልማዱን ያለ ደም ማሳየት ከተቻለ፣ ያለ ደም ይታይ።

ሁለተኛው፦ ውሸቱን መድረክ ላይ መድገም ማስፋፋት ነው የሚል ነው። ይህ ትክክለኛ ስጋት ነው፤ ሰው የሰማውን ያስታውሳል፣ «ውሸት ነው» መባሉን ግን ይረሳል። ስለዚህ በአካባቢው በእውነት የሚዞረውን ወሬ፣ በተለይ የወገንን ስም የሚጠራውን፣ በስሙ መድረክ ላይ ማውጣት የለብንም እላለሁ። ጋንቸር እውነተኛዎቹን መልእክቶች መጠቀሟ ለኒው ዮርክ ተመልካች ያስኬድ ይሆናል፤ ምርጫው አልፏል፣ መልእክቶቹም ከተጋለጡ ቆይተዋል። እኛ ግን ገና በእሳቱ አጠገብ ነን።

ሦስተኛው ሕግ አለ አይደል ወይ የሚል ነው። አለ። የጥላቻ ንግግርንና የሐሰተኛ መረጃ ስርጭትን ለመከላከልና ለመቆጣጠር የወጣው አዋጅ ቁጥር 1185/2012 ሐሰተኛ መረጃ ያሰራጨውን እስከ አንድ ዓመት እስራት ወይም እስከ 50 ሺህ ብር ይቀጣል፤ ከ5 ሺህ በላይ ተከታይ ባለው የማኅበራዊ ሚዲያ ገጽ ከሆነ ደግሞ ቅጣቱ እስከ ሦስት ዓመት ወይም እስከ 100 ሺህ ብር ይደርሳል። ይሁንና ይህ አዋጅ ዓይኑ ያለው ብዙ ተከታይ ባለው ሰው ላይ ነው። በረካ ላይ የተቀመጠችው እናት ተከታይ የላትም፤ ያላት ጎረቤት ነው። እሷን ማሰርም አይቻልም፣ አይገባምም፤ እሷን መድረስ የሚችለው ትያትር፣ ስብከት፣ መንዙማ፣ ትምህርት ነው። አዋጁ ራሱ የጥበብ ሥራን ከጥላቻ ንግግር ክልከላ ነፃ ማውጣቱ መልካም ነው፤ ግን በወረቀት ላይ የተሰጠ ነፃነት አዳራሽ ውስጥ የሚሠራው የወረዳው ባለሥልጣን እሱም የሚሾፍበት ቀን እንዳለ ሲቀበል ነው። አለበለዚያ ስላቁ ወደ ታች ብቻ ይመታል፤ ያልተማረው፣ ገጠሬው፣ አሮጊቷ ብቻ ይሳቅባቸዋል፤ ከላይ የመጣ ያልተጣራ መግለጫ ግን አይነካም። ሕዝብ ይህን አድሎ ወዲያው ያውቀዋል፤ ካወቀ ደግሞ ተውኔቱን እንደ ስብሰባ ቆጥሮ ያጨበጭብና ይወጣል። ስለዚህ ከቡናው መሃል አንዱ ወሬ አሳላፊ ከስብሰባ የመጣ የቀበሌ ሰው ይሁን፤ እሱም እንደ ሌሎቹ አይሱዙውን ያላየ።

አራተኛውን በአጭሩ ልለፈው፤ እዚህ ትያትር ቤት የለም የሚለውን። ወሎ ትያትር ቤት ኖሮት አይደለም ወሎ ላሊበላ የተባለው የኪነት ቡድን ስሙ የገነነው። በመካነ ሰላም የመቅደላ አምባ ዩኒቨርሲቲ ግቢ አለ፣ ትምህርት ቤቶች የድራማ ክበብ አላቸው፤ ረከቦትና አራት ሰው ደግሞ የትም አይጠፋም።

የቀረው የጊዜ ጉዳይ ነው፤ ለአዘጋጆች ከሁሉ በላይ የሚጠቅመውም እሱ ይመስለኛል። የካምብሪጅ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች «ባድ ኒውስ» የሚባል የኢንተርኔት ጨዋታ ሠርተዋል። ተጫዋቹ ራሱ የሐሰት ዜና አምራች ይሆናል፤ ሰውን እንዴት ማስደንገጥ፣ ባለሙያ መምሰል፣ ሕዝብን መከፋፈል እንደሚቻል በገዛ እጁ ይሞክራል። ከጨዋታው በኋላ የሐሰት ዜናን የመለየት ችሎታው እንደሚሻሻል አሳይተዋል። ይህ ከክርክሬ ጋር ይስማማል፤ የተማረው ሲዋሽ ያየው ሳይሆን በውሸቱ እጁን ያስገባው ነው። ነገር ግን እነዚያው ተመራማሪዎች ተጫዋቾቹን ተከታትለው ሌላም ነገር አገኙ፤ ትምህርቱ ካልታደሰ በሁለት ወር ገደማ ውስጥ እየደበዘዘ ይሄዳል። ይህ እውነት ከሆነ፣ በዓመት አንድ ቀን በትልቅ በዓል ላይ፣ እንግዳ ተጋብዞ፣ ባነር ተሰቅሎ የሚታይ የሁለት ሰዓት ተውኔት ከሁሉም የከፋ የገንዘብ አወጣጥ ነው። የሚሻለው የሩብ ሰዓት ሥራ ነው፤ ወሬው በየጊዜው እየተለወጠ፣ አንዴ ስኳር፣ አንዴ ማዳበሪያ፣ አንዴ የፈተና ውጤት እየሆነ፣ ከትምህርት መከፈት እስከ መዘጋት ቢያንስ አራት ጊዜ የሚታይ። በየጊዜውም ሲያልቅ አዘጋጁ ስንት ሰው ሳቀ ብሎ አይቁጠር፤ በረካው ላይ አዳራሹ ዝም ማለቱን ያዳምጥ፤ ዝም ካላለ ደግሞ ለሚቀጥለው ዙር በረካውን እንደገና ይጻፈው።